የአፈር ምርመራው ቁጥር ምን ይላል?

ጎንደር ውስጥ፣ በአዘዞ መንገድ ዳር ወይም ከጋራዥ አጠገብ ጎመን የሚተክል ሰው አፈሩን ቢያስመረምር «እርሳስ፦ 250 ፒፒኤም» የሚል ወረቀት ሊደርሰው ይችላል። እርሳስ እዚህ ላይ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው፤ ፒፒኤም ማለት ደግሞ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ስንት ሚሊግራም አለ ማለት ነው። 250 ሲሆን ሩብ ግራም መሆኑ ነው።

ግራ የሚያጋባው ወሰኑ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመኖሪያ ግቢ አስቀምጦት የነበረውን 400 ፒፒኤም እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል። ታዲያ 250 መርዝ፣ 190 ንጹህ ነው? አይደለም። ቁጥሩ «እዚህ ጋ ጠለቅ ብላችሁ መርምሩ» የሚል ምልክት ነው። ለልጆች ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን እስካሁን አይታወቅም።

ደግሞም ወረቀቱ የሚናገረው ስለ አፈሩ እንጂ ስለ ጎመኑ አይደለም። እርሳስ አፈር ላይ ሙጭጭ ይላል፤ ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂት ነው። የሚያሰጋው ቅጠሉ ላይ የተለጠፈው አቧራ ነው። ከዚያም በላይ አፈር ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ሕፃን ያሳስበኛል። ካድሚየም የሚባለው ሌላ መርዛማ ብረት ግን እንዲህ አይደለም። በተለይ አሲዳማ አፈር ላይ በሥሩ አልፎ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ እሱን እጥበት አያወጣውም።

አሮጌ የመኪና ባትሪ የተፈታበት ቦታ ላይ፣ እባካችሁ፣ ሳታስመረምሩ ምንም አትትከሉ።