ድምፁ አላምር ሲል ጊታሩን አትውቀሱ፦ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታርና አምፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ሰው ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል አለ፣ ቅዳሜ ማታ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር የሚሠራ አለ፣ እንደ እኔ ደግሞ ከሥራ መልስ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለራሱ የሚነካካ አለ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ሱሱ ነው የያዘኝ። ግን ስለ ዕቃ የሚወራው ነገር አንዳንዴ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ወሬው ብር ያስወጣል። ድምፁ አላምር ካለ ሁሉም ጊታሩን ነው የሚወቅሰው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

«ውድ ጊታር ከሌለህ አትልፋ»

የሁሉም ወሬ አባት ይሄ ነው። የዛሬ ርካሽ ጊታር በማሽን ተለክቶ ነው የሚቆረጠው፣ እንደ ድሮው አይደለም። የሚጎድለው ማስተካከያ ነው። ከካርቶን ሲወጣ ክሩ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት ዘንጎች) በጣም ርቆ ይሆናል፣ አንገቱም ትንሽ ጎብጦ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ልጁ ጣቱ ይቆስላል፣ ኮርዱ ይጣረሳል፣ «ጊታሩ ቻይና ነው» ተብሎ ይፈረድበታል።

መጀመሪያ ፈትሹት። አዲስ ክር አስገቡና በደንብ ቃኙ። ከዚያ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ጫን አድርጋችሁ ምቱ። ስልካችሁ ላይ ያለው ቲዩነር ያንኑ ኖታ እንጂ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ ማሳየት የለበትም። ከፍ ካለ ብሪጁ (ክሩ የጊታሩ ሰውነት ላይ የሚያርፍበት ብረት) ላይ ያለችውን፣ ክሩን የምትደግፈውን ትንሿን ሳድል በካቻቪቴ ወደ ኋላ ሳቧት፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ግፏት። በየመሀሉ ክሩን እንደገና እየቃኛችሁ ስድስቱንም እንዲሁ ማድረግ ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግን ምንም ብር አያስወጣም፣ ኮርድ ስትይዙ ልዩነቱን ወዲያው ትሰሙታላችሁ። የክሩን ከፍታ እዚያው ሳድሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ብሎኖች ማውረድ ይቻላል። አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት ግን ካልቻላችሁበት ለሚችል ሰው ስጡ፣ እሱን አስገድዶ መጠምዘዝ ቀልድ አይደለም።

ክር እስኪበጠስ አይቀየርም የሚባለውም ስህተት ነው። ላብና ዝገት የበላው ክር ድምፁ ይሞታል፣ ቅኝትም አይዝም። ክር ሐዋሳ እንደ ልብ ስለማይገኝ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስልካለሁ፤ ተጫውቼ ስጨርስ ደግሞ በደረቅ ጨርቅ እጠርጋለሁ።

«መጀመሪያ ቦክስ ጊታር ተማር፣ ኤሌክትሪኩ ይደርሳል»

ለምን? ኤሌክትሪኩ ላይ የተለመደው ቀጭን ክር 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ነው፣ ቦክሱ ላይ 0.012 የተለመደ ነው። ለጀማሪ ጣት የቱ እንደሚቀል ግልጽ ነው። ልባችሁ የፈለገውን ያዙ፣ አለቀ።

«ድምፁን የሚሠራው እንጨቱ ነው»

እንጨቱ ምንም አያደርግም ብዬ አልከራከርም፣ ይሄ ክርክር አያልቅም። ግን ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በላዩ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የብረት ክር ሲንቀጠቀጥ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጠራል። ለዚህ ነው የናይለን ክር ብታስገቡበት ዝም የሚለው። እንግዲህ ብር ካላችሁ መጀመሪያ ስፒከሩን፣ ቀጥሎ ፒክአፑን አስቡ። የእንጨቱ ስም መጨረሻ ላይ ይምጣ።

«100 ዋት ከ10 ዋት አሥር እጥፍ ይጮኻል»

አይጮኽም። ወሬው ስለ አምፕ ነው፣ የጊታሩን ድምፅ አጉልቶ በስፒከር ስለሚያወጣው ሳጥን። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው፣ ለዚያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ ከባለ 10 ዋቱ የሚበልጠው፣ ስፒከራቸው አንድ ከሆነ፣ በግምት በእጥፍ ብቻ ነው። ስፒከር ደግሞ ይለያያል። አንዱ በ1 ዋት 97 ዴሲቤል ሲያወጣ ሌላው 100 ያወጣል፣ ያ ማለት ስፒከር በመቀየር ብቻ የዋት እጥፍ አገኛችሁ ማለት ነው። ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ ለሚኖር ሰው 5 ዋት ቲዩብ አምፕ (እንደ ድሮ ሬዲዮ በመስታወት ቱቦ የሚሠራው) እንኳን ከጎረቤት ጋር ያጣላል።

ቲዩብ ካልሆነ አምፕ አይደለም የሚሉም አሉ። ቲዩብ ሞቅ ሲል የሚሰጠው ድምፅ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ያንን ለመስማት ድምፁን ከፍ ማድረግ አለባችሁ፣ ቲዩቡ ሲደክም መቀየሪያውን ማግኘት ጣጣ ነው፣ ስፒከር ሳይገናኝ ካበራችሁት ደግሞ ውስጥ ያለው የአውትፑት ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል። ከአምፕ ወደ ስፒከር የሚሄደውን በጊታር ኬብል መተካትም ያው አደጋ ነው። ጃኩ አንድ ይምሰል እንጂ የጊታሩ ውስጡ ቀጭን ነው፣ ያን ሁሉ ኃይል አይችልም። ለመኖሪያ ቤት ትንሽ ዲጂታል አምፕ ይበቃል፣ የሚያፍርበት ካለ ይፈር።

«ከአሜሪካ የመጣውን ሶኬቱን ቀይረህ ሰካው»

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አድርጎ የላከው አምፕ ስንት ሰው ቤት በመጀመሪያው ቀን ጨሷል! አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። የሶኬት አዳፕተር የሚቀይረው የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። ቮልቱ በዚህ መጠን ሲጨምር ወደ ውስጥ የሚገባው ኃይል ከሦስት እጥፍ ያልፋል፣ ፊውዙ ካላዳነው ትራንስፎርመሩ ይሄዳል።

ከመሰካታችሁ በፊት አምፑን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ ችግር የለም፣ ብዙ የፔዳል አዳፕተሮችና አዳዲስ ትንንሽ አምፖች እንዲህ ናቸው። «120» ብቻ ካለ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው። ስትገዙም አምፑ 15 ዋት ነው ብላችሁ የ15 ዋት እንዳትገዙ። 15 ዋት የሚያወጣው ድምፅ ነው፣ ከመስመር የሚስበው ኃይል ጀርባው ላይ ለብቻው ተጽፏል፣ ቲዩብ ከሆነ ደግሞ በጣም ይበልጣል። ከዚያ ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ። ስታቢላይዘር መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ይረዳል፣ 220ን ግን በራሱ 120 አያደርግላችሁም። መብራት ሲጠፋም ነቅሎ መጠበቅ ነው።

«ይሄ ጊታር ኮረንቲ ይይዛል፣ ብልሽት አለበት»

ጊታሩ ምንም አላደረገም። ክሩ በብሪጁ በኩል ከኬብሉ ሽፋን፣ ከዚያ ከአምፑ ሳጥን ጋር የተያያዘ ነው፣ ሆን ተብሎ እንደዚያ ነው የተሠራው። ቤቱ ኧርዝ (ያመለጠ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር) ከሌለው፣ ወይም አንዱ ብልህ የአምፑን መሰኪያ ሦስተኛውን እግር ቆርጦ ከጣለው፣ የአምፑ ሳጥን ላይ ቮልት ይቀራል። እጃችሁ ክር ላይ እያለ ከንፈራችሁ ማይኩን ሲነካ መንገዱ እናንተ ናችሁ። ሰው የሞተበት ነገር ነው፣ «ትንሽ ነዘረኝ» ብላችሁ አትለፉት። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ኧርዙን አስፈትሹ፣ አምፑንና ሚክሰሩን ደግሞ ኧርዙ ከሚሠራ ከአንድ ሶኬት በመጣ ዲቫይደር ላይ ሰኩ።

ኧርዝ እያለም እምም የሚል ድምፅ ቢሰማ ግን አትደንግጡ። ባለ አንድ ጥቅልል ፒክአፕ በዙሪያው ያለውን የ50 ኸርዝ መብራት ይለቅማል። ጊብሰን ቤት ይሠራ የነበረው ሴት ላቨር በ1955 ሃምበከርን የሠራው ለዚህ ነው፤ ሁለት ጥቅልሎች በተቃራኒ ሲገናኙ እምምታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

«አምፕ ምን ያደርጋል? ሚክሰሩ ላይ ሰክተህ በሞንታርቦው ልቀቀው»

ብዙ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ይሄ ነው፣ ከዚያ ጊታሪስቱ ይወቀሳል። የጊታር አምፕ መግቢያ ለኮረንቲ ያለው ተቃውሞ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊዮን ኦም አካባቢ ነው፣ የሚክሰሩ ተራ መስመር ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። ፒክአፑ ያንን መሸከም ስለማይችል ቀጭኑ ድምፅ ይጠፋና የታፈነ ነገር ይወጣል። መፍትሔው አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ድምፅ ለሚክሰር እንዲስማማ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን) ነው፣ ወይም መልቲ ኢፌክት (ብዙ የድምፅ ዓይነት የያዘ ፔዳል) በመሀል ማስገባት።

ዲስቶርሽን (ሆን ተብሎ የሻከረ የጊታር ድምፅ) ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን በራሱ ይቆርጠዋል። ሞንታርቦው ሁሉንም ስለሚያወጣ ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ንብ ይሆናል። የካቢኔ ሲሙሌሽን (የጊታር ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስል) ያለው ፔዳል ይሄን ያስተካክላል። ፓስተሩንም ዘማሪውንም ያስደስታል።

«በፍሬት ጊታር የሀገር ቅኝት አይወጣም»

ይሄን የሚል ሰው የሮሃ ባንድን ሰላም ስዩምን ጊታር አልሰማም ማለት ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ማይነሩ ላይ ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። አምስቱም ኖታ ፍሬቱ ላይ ቁጭ ብሏል። ትንሽ እውነትነት ያለው፣ ክራር የሚቃኝ ሰው በጆሮው የሚያስቀምጠው ድምፅ ከፍሬቱ ትንሽ ፈንጠር ሊል ይችላል የሚለው ነው። የሚጎድለው ኖታው ሳይሆን በኖታዎቹ መሀል ያለው መንሸራተትና መጎተት ነው፣ ያ ደግሞ የግራ እጅ ሥራ ነው። አንቺሆዬ ላይ ጣት ከፍሬት ፍሬት እየዘለለ ብቻ ከሄደ የስኬል ልምምድ ይመስላል፣ ከታች ገፋ እያደረጋችሁ ኖታው ላይ ስትደርሱ ነው መልኩ የሚመጣው። ቀጭን ክር ለዚህ ይመቻል። 0.011 አስገብቶ «አልጎተት አለኝ» የሚል ካለ 0.009 ይሞክር፣ ክሩን ሲቀይር ደግሞ 12ኛውን ፍሬት እንደገና ይፈትሽ።