«ካላማረኝ አስጠፋዋለሁ»፦ ስለ ታቱና ንቅሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሀዋሳ ላይ ስለ ታቱ ወሬ ሲነሳ የሚሰሙት ድምፆች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ «ነውር ነው፣ ኃጢአት ነው፣ ሥራ ያሳጣል» ይላል። ሌላው «ሰውነቴ የራሴ ነው፣ ማንንም አያገባውም» ይላል። ዐዋቂ ሰው በገዛ ቆዳው ላይ የመወሰን መብት አለው፤ በዚህ ጥርጥር የለኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሚቃወመውም የሚደግፈውም መርፌው ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ፣ ሐሳብ ቢቀየር ለማስወገድ ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ ነው የሚከራከረው። ምርጫዬ ነው ለማለት የሚመረጠውን ማወቅ ይቀድማል። ስለዚህ በየሳሎኑና በየሐይቅ ዳሩ የሚደጋገመውን ተራ በተራ እንየው።

«ገላን መቀየር የፈረንጅ ነገር ነው»

ይህን የሚል ሰው የአያቱን አንገት ልብ ብሎ ይመልከት። ግንባር ላይ ያለው መስቀል፣ አንገት ዙሪያ በረድፍ የወረደው ጌጥ፣ የጠቆረው ድድ፣ ሁሉም ታቱ ነው። ደቡብ ኦሞ ወርዶ ሙርሲዎችን የሚያይ ደግሞ ከዚህም የከበደውን ያገኛል። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት የታችኛው ከንፈሯን እናቷ ወይም ሌላ የመንደሯ ሴት ትበሳላታለች፤ ቁስሉ እስኪድን የእንጨት ውታፍ ይገባበታል፤ ከዚያ ውታፉ እየተለቀ ሄዶ በመጨረሻ ሸክላው ይገባል። ከዚህ ከተማ ሆነው «ተገደው ነው» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከንፈሩ እስከ ምን ድረስ ይለጠጥ የሚለውን የምትወስነው ግን ልጅቷ ራሷ ናት፤ አንዳንዷ በትንሹ ታቆማለች፣ አንዳንዷ 12 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ትደርሳለች። የተለጠጠው ከንፈር ሸክላው ስለወጣ ብቻ ወደ ቦታው አይመለስም፤ በቀዶ ጥገና ነው የሚሰፋው። ልጅቷ ይህን የምታውቀው በዙሪያዋ ያሉትን ሴቶች እያየች ስላደገች ነው። የእኛ ከተማ ልጅ ስለሚሠራው ታቱ ይህን ያህል ዕውቀት የለውም።

«ካላማረኝ አስጠፋዋለሁ»

ትዕግሥቴን የሚጨርሰው ይህ ነው። ታቱ ሊሠራ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሚለው፣ ሠሪውም አንገቱን ነቅንቆ የሚያሳልፈው አባባል ነው።

የቆዳችን የላይኛው ሽፋን በአንድ ወር ገደማ ራሱን ያድሳል። ቀለሙ እዚያ ቢቀር ኖሮ ተራግፎ ይጠፋ ነበር። የታቱ መርፌ ግን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ሁለተኛው ሽፋን ውስጥ ነው ቀለሙን የሚያስቀምጠው። እዚያ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ቀለሙን ይውጡታል፤ ቅንጣቱ ስለሚተልቅባቸው ግን መፍጨት አይችሉም፣ ይዘውት ይቀመጣሉ። ሴሉ ሲሞት የሚቀጥለው ሴል ይረከበዋል። ታቱ ዕድሜ ልክ የሚቆየው በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ከላይ የሚቀባ ክሬም እዚያ አይደርስም። «ታቱ ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ወይ ቆዳ ማንጫ ነው፣ ወይ አሲድ ነው።

አሲድ ቀለምን ከቆዳ አይለይም። ቀለሙ ጋ ለመድረስ ከላይ ያለውን ቆዳ ሁሉ መብላት አለበት። ሲድን መሐሉ የነጣ፣ ጠርዙ የጠቆረና ከፍ ያለ ጠባሳ ይተዋል፤ ጽሑፍ ከነበረ ፊደሉ ራሱ በጠባሳ ተጽፎ ይነበባል፣ ከሥሩም የቀለም ርዝራዥ ይቀራል። በጨው መፈግፈግና በጋለ ነገር መተኮስም መጨረሻቸው ይኸው ነው።

በሥርዓቱ የሚያጠፋው ሌዘር ነው፤ ይሁን እንጂ ማንኛውም ሌዘር አይደለም። የታቱ ሌዘር ቀለሙን የሚመታው በናኖ ሴኮንድ በሚለካ፣ ማለትም በሴኮንድ ቢሊዮንኛ በሚቆጠር ምት ነው። ቅንጣቱ ሙቀቱን ወደ ጎረቤቱ ሳያስተላልፍ ይሰባበራል፤ ስብርባሪውን ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ጠርጎ ያስወግደዋል። የፀጉር ማጥፊያ ማሽን ምቱ በሚሊ ሴኮንድ ነው፤ አንድ ሚሊ ሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ናኖ ሴኮንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጋለው ቀለም ዙሪያውን ያለውን ቆዳ ያቃጥላል። ስለዚህ «የፀጉር ሌዘር አለን፣ በዚያው እናጠፋልሻለን» የሚል ሳሎን ከገጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ። መጠየቅ ያለባችሁ «ማሽኑ ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግ ነው ወይስ ፒኮ? ሞገዱስ 1064 አለው?» ብላችሁ ነው። ኪው ስዊችድ ኤንዲ ያግና ፒኮ ምታቸው እጅግ አጭር የሆነ የታቱ ሌዘር ዓይነቶች ናቸው፤ 1064 ደግሞ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው። መልሱን የማያውቅ ሰው እጁን ቆዳችሁ ላይ ማሳረፍ የለበትም።

1064 ናኖ ሜትር ያልኩት ለእኛ ቆዳ ነው። ቆዳችንን ጠይም ወይም ጥቁር የሚያደርገው ሜላኒን የሚባለው ቀለምም የሌዘር ብርሃንን ይመጥጣል። 1064 በሜላኒን ብዙ ሳይያዝ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ ጥቁር ቀለምንም በደንብ ይሰብራል። ቀይ ቀለም 532 ይፈልጋል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ 694 ወይም 755 ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ሞገዶች ታቱው ጋ ከመድረሳቸው በፊት የቆዳውን ሜላኒን ያገኙታል፣ ውጤቱም ማቃጠልና ለምጥ የመሰለ ነጭ ቦታ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ባለ ብዙ ቀለም ታቱ በጠይም ቆዳ ላይ ከተሠራ ማስጠፋቱ እጅግ ከባድ ነው። «ምናልባት እቆጭ ይሆናል» የሚል ሐሳብ ጫፉ ካለባችሁ ከጥቁር ቀለም አትውጡ።

ጊዜውንም አስሉት። በባለሙያ የተሠራ ጥቁር ታቱ ከ6 እስከ 10 ቀጠሮ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሁለት ቀጠሮ መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ስብርባሪውን የሚጠርገው ሰውነት ነው። 8 ቀጠሮ በየ8 ሳምንቱ ቢሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 56 ሳምንት ነው። ቀጠሮ ማቀራረብ አያፈጥነውም፣ ጠባሳ ነው የሚጨምረው። እጅና እግር ላይ ያለው ከአንገትና ከፊት ይልቅ ይዘገያል። ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ብቻ መትቶ ለሳምንታት ያያል። ምቱ ሲያርፍ ቆዳው ወዲያው አመዳይ እንደነካው ነጭ ይሆናል፤ ያ ነጭነት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ወይም ቦታው አመድማ ሆኖ ወዲያው ከደማ፣ ኃይሉ በዝቷል፤ መቆም አለበት። ለሞገዱ የተሠራ የዓይን መከላከያ ለባለሙያውም ለእናንተም ያስፈልጋል፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም።

«በቆዳዬ ቀለም አስሸፍነዋለሁ»

አታድርጉት። የቆዳ ቀለም የሚመስሉት ቀለሞች ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ወይም የብረት ኦክሳይድ አለባቸው፤ ሌዘር ሲነካቸው ወዲያው ሊጠቁሩ ይችላሉ። የቅንድብ ታቱም እንዲሁ ነው። «ማይክሮብሌዲንግ በዓመቱ ይጠፋል» ይባላል፤ ይደበዝዛል እንጂ ሁልጊዜ አይጠፋም፣ ብዙ ሰው ላይ ቀላ ያለ ርዝራዥ ይቀራል።

«የእናቴ ንቅሳት አረንጓዴ ስለሆነ አይወጣም»

ይህ መልካም ዜና ያለበት ስሕተት ነው። የአንገትና የግንባር ንቅሳት ቀለሙ ጥላሸት ነው፣ ማለትም ካርቦን። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ከቆዳ ሥር ስላለ ብርሃኑ ተበትኖ ስለሚመለስ ነው። ካርቦን ደግሞ 1064 በደንብ የሚሰብረው ነገር ነው። በእጅ የተነቀሰ ጥልቀቱ ወጣ ገባ ስለሚል አንዳንዱ ነጥብ ይዘገያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ ታቱ ባነሰ ቀጠሮ ይለቃል። እናታችሁ ማስጠፋት የምትፈልገው እሷ ስለፈለገች ይሁን፤ ልጆቿ ስላፈሩባት አይሁን።

«ድድ መነቀስ ደም ያቆማል፣ ጥርስ ያጠነክራል»

ድድ የሚደማው ጥርስ ሥር በተጠራቀመ ቆሻሻ ነው፤ ያ ቆሻሻ ሲደርቅ በብሩሽ አይለቅም፣ በጥርስ ሐኪም ነው የሚፋቀው። ንቅሳቱ የድዱን መቅላት ይሸፍናል። ሕመሙ ከሥር ይቀጥላል፣ ምልክቱ ግን አይታይም።

«መርፌውን በአልኮል ጠርገነዋል፣ በላይተር አግለነዋል»

ሁለቱም ማምከን አይደሉም። ሰው ኤችአይቪን ብቻ ይፈራል። በተበከለ መርፌ አንድ ጊዜ በመወጋት ኤችአይቪ የመያዝ ዕድል 0.3 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ላልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ይህ የጉበት ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባት አለው፤ 3 ጊዜ ይሰጣል፦ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ታቱ ያሰባችሁ ከወዲሁ ጀምሩት።

ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ዓይናችሁ እነዚህን ይይ። መርፌው ከታሸገበት በፊታችሁ ይከፈት፣ ሲያልቅ ይጣል። ቀለሙ በትንሽ ቆብ ተቀድቶ የተረፈው ይደፋ፤ ወደ ጠርሙሱ ከተመለሰ የእናንተ ደም ከሚቀጥለው ሰው ጋር ተቀላቀለ ማለት ነው። ቀለም በቧንቧ ውሃ አይቅጠን፦ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ የቲቢ ዘመድ የሆኑ ባክቴሪያዎች ከሳምንታት በኋላ ቀያይ እብጠት ያወጣሉ፣ በተለመደው አንቲባዮቲክም አይድኑም። ከማሽኑ ደጋግሞ የሚሠራበት ክፍል ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት በሚያመክን ማሽን) በ121 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይቆይ። ጠረጴዛና ወንበር በ0.5 በመቶ የክሎሪን ውሃ ይጠረግና 10 ደቂቃ ይቆይ፤ 5 በመቶ በረኪና ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ነው።

«ኬሎይድ የቆሸሸ መርፌ ውጤት ነው»

ንጹሕ መርፌም ያወጣዋል። ኬሎይድ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር አልፎ ማደጉ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል፣ በቤተሰብም ይሄዳል፤ ደረት፣ ትከሻ፣ መንጋጋና ጆሮ ዋና ቦታዎቹ ናቸው። ከመወሰናችሁ በፊት የጆሮ መበሻችሁን፣ የክትባት ጠባሳችሁን፣ የእናትና የአባታችሁን ጠባሳ እዩ። ከፍ ያለና ከጊዜ ጋር ያደገ ካለ ታቱም፣ የጆሮ አጥንት መበሳትም ለእናንተ አይሆንም። «ይቆረጣል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ብቻውን ሲቆረጥ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይወጣል፣ ከፊተኛው ብሶም ሊያድግ ይችላል። የሚታከመው በየወሩ ገደማ ጠባሳው ውስጥ በሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ነው፣ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ እንለፋቸው። «የተለጠጠ ጆሮ ጌጡ ሲወጣ ይገጥማል»፦ ከ10 ሚሊ ሜትር ካለፈ በራሱ መግጠሙን አትጠብቁ፣ ስፌት ያስፈልገዋል። «ጥቁር ሂና ጉዳት የለውም፣ ጊዜያዊ ነው»፦ እውነተኛ ሂና ብርቱካናማ ቡኒ ነው፤ በደቂቃ ውስጥ ጥቁር የሚሆነው የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው፣ ቆዳን አፈንድቶ ዕድሜ ልክ የፀጉር ቀለም አለርጂ ሊያስይዝ ይችላል። «ታቱ ያለበት ሰው ኤምአርአይ አይነሣም»፦ ይነሣል፤ ለባለሙያው አስቀድሞ ይናገር። «የዓይን ነጭ ላይም ቀለም ይሠራል»፦ ቀለሙ የሚገባው በዓይን ነጩና በላዩ ባለው ስስ ሽፋን መካከል ነው፤ የዓይን ነጩ ስስ በሆነበት ቦታ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ መርፌው ካለፈ ዓይን ይጠፋል፣ የገባውም ቀለም አይወጣም። ይህንን ማንም ቢጠይቀኝ አታድርግ እላለሁ።

«ሐይቅ ውስጥ መግባት አይጎዳውም»

አዲስ ታቱ ክፍት ቁስል ነው። ቢያንስ ለ3 ሳምንት ሐይቅም ገንዳም አትግቡ፤ የሐይቅ ውሃ ቁስልን የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎች አሉት፣ ቢልሃርዝያ ደግሞ ጤናማ ቆዳም ሰብሮ ይገባል። በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ቫዝሊን በስሱ ቀቡት። ቅቤ፣ ማርና የጥርስ ሳሙና አይነካው። ቅርፊቱን አትላጡ፤ ቀለሙ አብሮ ይላጣል። የሀዋሳ ፀሐይ ጠንካራ ነው፤ እስኪድን በልብስ ሸፍኑት፣ ከዳነ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጥሩ 30 ወይም በላይ ይሁን። ከሦስተኛው ቀን በኋላ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ወደ ሠራላችሁ ሰው አትመለሱ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።