ስለ እንግዳ ስም የሚባለው እና እውነታው

እኛ አገር ስም ዓረፍተ ነገር ቢሆን ማንም አይገርመውም። ማንያዘዋል አለ፣ አይችሉህም አለ፣ ስንታየሁ አለ፣ አንለይ አለ። የእኔም ስም ግስ ያለው፣ ተሳቢ ያለው ነው፤ አራት ነጥብ ብቻ ነው የቀረው። እንዲህ ያለ ስም ይዞ ያደገ ሰው ስለ ስም የማይሰማው ነገር የለም። የሚያስቅ አለ፣ የሚያናድድ አለ፣ ጭራሽ ስህተት የሆነም አለ። ደጋግሜ የሰማኋቸውን ልምዘዝ።

«እንግዳ ስም የዘመኑ ወላጆች ያመጡት ፋሽን ነው»

ይህን የሚል ሰው ጎንደር ሄዶ ቁስቋምን ይጎብኝ። እዚያ ቤተ መንግሥት ያሠራችው የ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ትባላለች። «ምን ትዋብ!» ነው ነገሩ። ውበቷን ያየ ሰው ከአፉ ያመለጠው ቃል ሊመስል ይችላል። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ ነበር፤ ታሪክ ያስታወሳት ግን በአድናቆቱ ነው።

ዘመን የወለደው ስምም አዲስ አይደለም። በ1966 ዓ.ም. ማግስት የተወለዱ አብዮት የሚባሉ ጎልማሶች ዛሬም አሉ። በ2000 ዓ.ም. የተወለዱ ሚሊኒየሞች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የግድቡ መሠረት በ2003 ዓ.ም. ሲጣል ደግሞ የህዳሴዎች ተራ ሆነ። የልጁን ስም ሰምቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል።

እንዲያውም የአሁኑ ፋሽን ተቃራኒው ነው። አጭር፣ ለስላሳ፣ ፈረንጅ አፍ ላይ የማያስቸግር ስም። ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናታን። ወላጅ ማንም የሌለው ስም አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ናታን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

«ክፉ ስም ያወጡለት ስላልፈለጉት ነው»

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ስለሆነ።

ምትኩን እና ምትኬን እንውሰድ። ካሳን፣ ካሳሁንን፣ ማስረሻንም እንጨምር። እነዚህ ስሞች ብዙ ጊዜ ከልጅ ወይም ከሌላ ቤተሰብ ሞት በኋላ የሚወጡ ናቸው። የሄደው ምትክ፣ የጠፋው ካሳ፣ የኀዘኑ ማስረሻ። አንለይ ደግሞ በቀጥታ ልመና ነው።

ከዚህም የሄደ አለ። ልጅ በላይ በላዩ የሚሞትባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር። ሾተላይ ሕፃናትን የሚቀጥፍ መንፈስ ነው ተብሎ ይታመናል። እናም የተረፈውን ልጅ ከእሱ መደበቅ ያስፈልጋል። መደበቂያው ስም ነው። ቆንጆ ስም ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ የማይረባ ነገር ስም ይወጣለታል፣ ማንም እንዳይመኘው። ወንዱን ልጅ «አንቺ» እያሉ መጥራትም ነበር። የሰፈር ሰው ይስቃል፣ እናት ግን አትስቅም። በዚያ ስም እየጠራች በልቧ «ኑርልኝ» እያለች ነው። አያቶቻችን ዘንድ መጥፎ ስም የነበራቸው ልጆች ከሁሉም በላይ የሚሳሱላቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ከስም ወጣ ልበል፤ ጉዳዩ ስለሚያሳስበኝ ነው። ዛሬ ሐኪም ቤት «ሾተላይ» ሲባል ሌላ ነገር ነው። የእናት የደም ዓይነት አርኤች ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የሚመጣ ችግር ነው። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። በወሊድ ጊዜ ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ከተቀላቀለ ግን ሰውነቷ መከላከያ ይሠራል። ያ መከላከያ የቀጣዩን ፅንስ ደም ያጠቃል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ልጅ በከባድ የደም ማነስና ቢጫነት ይጎዳል ወይም ይሞታል። የጥንቱ ታሪክ «የመጀመሪያዋ ብቻ ተረፈች፣ ከሷ በኋላ የመጡት ሁሉ ሞቱ» የሚል ከሆነ ምን ሊሆን እንደሚችል አሁን ገባን። በእርግጥ የሕፃን ሞት ሁሉ ከዚህ አልነበረም፤ ኩፍኝም ተቅማጥም ብዙ ገድለዋል። ሾተላይን ግን አስቀድሞ የሚከላከል መርፌ አለ። አንቲ ዲ ይባላል። በእርግዝና 28ኛው ሳምንት አካባቢ እና ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ውርጃ ካጋጠመም ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። የደም ዓይነቷን የማታውቅ ነፍሰ ጡር ካለች ክትትል ስትጀምር ትመርመር።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል»

የሚያምር አባባል ነው። እኔ የማውቀው ግን ስም የሚያወጡት አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት እና አንዳንዴም አዋላጇ ነርስ ናቸው። ትዕግስት የምትባል ትዕግስት የሌላት ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

ዕድሉን በስም የመራ ሰው ካለ ራሱ ነው የመራው። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጠው ፍካሬ ኢየሱስ በሚባለው የትንቢት መጽሐፍ ላይ የተተነበየ ጻድቅ ንጉሥ ስም ስለነበር ነው። ሕዝቡ ስሙን ቀድሞ ይጠብቀው ነበር። ይህን ምርጫ መልአክ ላይ መላከክ ይከብዳል፤ ይልቅ የጎበዝ ፖለቲከኛ ሥራ ይመስላል።

«የአባት ስም ያው ሰርኔም ነው»

አይደለም። ውጭ አገር የሚኖር አበሻ ግማሽ ጭንቀቱ ከዚህ ይመነጫል።

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ሴት አግብታ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስት እና ልጅ ሦስት የተለያየ «ሰርኔም» ይኖራቸዋል። ይህ ለፈረንጅ ፎርም አይገባውም። እናት ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር «ልጅሽ ለመሆኑ ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ልትባል ትችላለች። የልደት ሰርተፍኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ ነገሩን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ብቻችንን አይደለንም። አይስላንዶችም አብዛኞቹ ከራሳቸው ስም ቀጥሎ የአባታቸውን ስም ነው የሚያስከትሉት፤ የስልክ ማውጫቸው እንኳ በራስ ስም የተደረደረ ነበር።

ሯጩ ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ ሁለት ወርቅ ሲያመጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አለው። ቅጽል ስሙ ያምራል፣ ግን ያጀገኑት አባቱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር በአንጻሩ «ዶክተር ቴድሮስ» ተብለው ነው የሚጠሩት፣ በራሳቸው ስም። ይቻላል ማለት ነው።

ሁለት ቃል ያለው ስም ሲሆን ደግሞ ጉዱ ይብሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ንጉሥ ሴላሴ» የሚሉ የውጭ ጽሑፎች ስንት ናቸው! ሥላሴ የእሳቸው ስም አይደለም። ኃይለ ሥላሴ አንድ ስም ነው፣ ያውም የክርስትና ስማቸው፤ ከዘውዱ በፊት ተፈሪ መኰንን ነበሩ። ወለተ ማርያም የምትባል እህታችንም ክሊኒክ ውስጥ «ሚስ ማርያም» ተብላ ስትጠራ ዝም ትላለች። ማን እንደተጠራ አታውቅማ።

ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ የተሞላለት ሰው ደግሞ አሜሪካ ቪዛው ላይ በፊት ስም ቦታ «ኤፍኤንዩ» ይጻፍለታል። የፊት ስሙ አይታወቅም ለማለት ነው። ከዚያ መንጃ ፈቃዱም፣ የባንክ ካርዱም ይከተላል። እናቱ ያወጣችለት ስም እያለ ኤፍኤንዩ ተብሎ ይጠራል።

ለወላጆች አንድ ምክር አለኝ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ በላቲን ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የላቸውም። «ቀ»ን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። ለልጁ የመጀመሪያው ሰነድ ላይ አንዱን ምረጡና እሱን ብቻ ተጠቀሙ። የአውሮፕላን ትኬት ላይ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ምን እንደምታመጣ የደረሰበት ያውቃል።

«አዲስ አገር ሲገቡ ስምን መለወጥ ይቀላል»

እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን ይህን ሞክረውታል፤ ሞክረውታል ከማለት ተሞክሮባቸዋል ማለት ይሻላል። በ1977 ዓ.ም. ዘመቻ ሙሴ በተባለው፣ ከሱዳን በአውሮፕላን በተደረገው ጉዞ የደረሱት ብዙዎቹ ሕፃናት እዚያው መቀበያ ማዕከልና ትምህርት ቤት ውስጥ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። የታሰበው እንዲዋሃዱ ነበር። ካደጉ በኋላ ግን ብዙዎቹ ወደ አማርኛ ስማቸው ተመልሰዋል፤ ልጆቻቸውንም በአማርኛ የሰየሙ አሉ። ስም ብቻውን ሥራ አያስቀጥርም፣ ቆዳም አያስረሳም።

ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሄዱ ብዙ ክርስቲያን ሴቶችም ሥራ ቶሎ እንዲገኝ በሙስሊም ስም ፓስፖርት አውጥተዋል። ፈተናው የሚመጣው ችግር ሲገጥም ነው። ሰው ከታመመ ወይም ከታሰረ ቤተሰብ የሚፈልገው በአንድ ስም፣ መዝገቡ ላይ ያለው በሌላ።

ሁሉም ግን አይጸጸትም። ኒው ዮርክ የታወቀው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ሲወለድ ካሳሁን ነበር፤ ስዊድን በማደጎ አድጎ ማርከስ ሆነ፣ በሱም ገነነ። ስም መቀየር ነውር አይደለም። የሚከፋው ሌላ ሰው ስለደከመው ብቻ ሲቀይርልህ ነው።

«ልጁ በስሙ ይሳቅበታል፣ ያድጋል ተሸማቆ»

ይሳቅበታል፣ አዎ። በተለይ አዲስ መምህር ስም ሲጠራ። እኔ ያየሁት ግን የስሙን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ ቶሎ መልስ ያገኛል። «ለምን እንዲህ ተባልክ?» ሲባል የሚናገረው አለው። ያ ታሪክ ያልተነገረው ነው አንገቱን የሚደፋው። ቁልምጫም ይረዳል፤ ማንያዘዋል ማንያ ይሆናል፣ ስንታየሁ ስንትሽ ትባላለች። ስንታየሁ ደግሞ ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን «አቶ» ተብላ ደብዳቤ የሚደርሳት አለች፤ ያን ቁልምጫ አያድነውም።

«ካልወደድከው ቀበሌ ሄደህ ታስቀይራለህ»

እንዲህ ቀላል ቢሆን! ስም ለመቀየር ማመልከቻ የሚቀርበው ለፍርድ ቤት ነው፤ በቂ ምክንያትም ይጠየቃል። ውሳኔው ከተገኘ በኋላ ነው እውነተኛው ልፋት የሚጀምረው። መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የባንክ ደብተር፣ ፓስፖርት፣ የቤት ካርታ፣ ሁሉም አንድ በአንድ።

በኛ አሰያየም ደግሞ ሌላም ጣጣ አለ። ያንተ ስም የልጅህ የአባት ስም ነው፣ የልጅ ልጅህ ደግሞ የአያት ስም። አንተ ስትቀየር የነሱም ወረቀት ይነካል። ስሙን ለመለወጥ የቆረጠ ሰው ልጅ ሳይወልድ ቢጨርሰው ብዙ ሰልፍ ይቀርለታል።