የሰዓት «ባትሪ አሲድ» ምንድን ነው?

አሲድ አይደለም። እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከቢቸና ድረስ የአባቱን የድሮ ዲጂታል ሰዓት በሶፍት ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። ስፈታው ውስጡ በቤኪንግ ሶዳ ተለውሷል። «ምን አስነካኸው ወንድሜ?» ስለው፣ ለካ ቴሌግራም ላይ አንዱ «ባትሪው አሲድ ተፍቶበታል፣ አሲድን የሚገድለው ደግሞ ሶዳ ነው» ብሎ መክሮት ነው። ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ።

መካሪው ነገሩን ከየት እንዳመጣው ይገባኛል። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው የምር አሲድ ነው፣ ሰልፈሪክ አሲድ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባትሪ የሚሞሉ ልጆችን ሱሪ ያየ ሰው በዚህ አይከራከርም። እዚያ ሶዳው ልክ ነው። የእጅ ሰዓት ባትሪ ግን ሌላ ዘር ነው። ጀርባው ላይ ኤስአር የሚለው የብር ኦክሳይድም ሆነ ኤልአር የሚለው አልካላይን፣ የሚተፋው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ወይም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ትምህርት ቤት ቤዝ ያሉን፣ የአሲድ ተቃራኒ።

በፈሰሰ ባትሪ ዙሪያ የሚታየው ነጩ ዱቄትስ? ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ ሾልኮ ወጥቶ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ ፖታሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የእንጨት አመድ ዘፍዝፋችሁ ስታጠልሉት ጣት ላይ የሚያሟልጨው ነገር ዋናው እሱ ነው እኮ። ሶዳ መነስነስ አመድ ላይ አመድ መጨመር ነው። የሚፈልገው የሚኮመጥጥ ነገር ነው፤ አቼቶ ወይም ሎሚ፣ በጥጥ ጫፍ፣ ጠብታ ብቻ። ሲነካው አረፋ ያወጣል። አረፋ ካወጣ ክርክሩ አለቀ፤ አሲድ ላይ አሲድ ብታደርጉ እንዲህ አይሆንም።

አቼቶውም እዚያ መቅረት የለበትም። ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ይጠረጋል (ውሃውን እንጂ አሲዱን እንዳትገዙ)፣ ከዚያ በአልኮል። የፋርማሲው 70 የሚለው ሲሶው ውሃ ስለሆነ፣ ከ90 በላይ ካገኛችሁ ይሻላል። ከዚያ አንድ ቀን ይድረቅ።

አሁን የበለጠ ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጸዳ ማለት ተሠራ ማለት አይደለም። ምስጥ የገባበት ቤት አይታችኋል? ምርጊቱ ደህና ነው፣ ኖራው ነጭ ነው፣ ማገሩን በጣት ስትነኩት ግን ውስጡ ባዶ። ይህም ፈሳሽ እንደዚያ ነው። ወደ ታች ብቻ አይፈስም፤ ብረት ይዞ ይሳባል፣ በተለይ በኔጌቲቩ በኩል፤ ቦርዱ ላይ ካለው አረንጓዴ ቀለም ስር ይገባና እንደ ምስጥ ተሸፍኖ መዳቡን እየበላ ይሄዳል። ማገሩ የመዳብ መስመሩ ነው፣ ምሰሶው በጥቁር ሙጫ የተሸፈነው ቺፕ። ማገር ቢበላ ይተካል። ምስጡ ሙጫው ስር ከገባ ግን እኔም እጄን እሰጣለሁ። ንግሥቲቱ ደግሞ ባትሪዋ ናት። ያለቀ ባትሪ ዝም አይልም፤ ውስጡ ሃይድሮጅን እየፈጠረ ማኅተሙን ይገፋል። 10 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ትቶት ከፈሰሰ በኋላ ባትሪውን የሚያወጣ ሰው ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ምሳሌዬ የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ገበሬው ምስጥን በአመድ ይከላከላል፣ የእኛው ምስጥ ራሱ አመድ ነው።

ስለዚህ የጠቆረውን ቀለም በምላጭ ጫፍ ፍቁ፣ በቴስተር መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞክሩ። ድምፅ ካላሰማ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አገናኙና በይዱት። የባትሪ መንከሻውን በላጲስ እንጂ በአሸዋ ወረቀት አትሹት፣ ላዩ የተቀባ ከሆነ ቅቡ ይነሳል። ስክሪኑና ቦርዱ መሃል ያለችውን ለስላሳ ጎማ ደግሞ አቼቶ አታስነኳት። የሚያስተላልፍና የማያስተላልፍ ንጣፍ እየተፈራረቀ የተሠራች ናት፤ ከቆሸሸች ወይም ከተጣመመች ቁጥሮቹ እግርና እጃቸው ይጎድላል።

ብዙ ሰው «ሞቷል» ብሎ የሚጥለው ካሲዮ ደግሞ ጭራሽ አልሞተም። አንዳንዱ ላይ «ኤሲ» የሚል ነጥብ አለ። ባትሪ ከቀየራችሁ በኋላ ያንን ነጥብና የባትሪውን ፖዘቲቭ ፊት በብረት ወረንጦ ለአፍታ አገናኙ። ይነቃል።

ሲአር የሚሉት ባትሪዎች፣ ለምሳሌ በፈረንጆቹ ከ1989 ጀምሮ የምናውቀው የካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ውስጥ ያለው ሲአር2016፣ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ሊቲየም ናቸው፣ 3 ቮልት፤ ውስጣቸው ውሃ የለም፣ ስለዚህ አልኮል ይበቃል። ሳልጠየቅ ልናገር፦ ልጆች ባሉበት ቤት ጠረጴዛ ላይ አትተዋቸው። ልጅ ውጦት ጉሮሮው ላይ ከተጣበቀ በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ያቃጥላል፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ነው። የሚያቃጥለው ምን መሰላችሁ? ኤሌክትሪኩ እዚያው እርጥበቱ ላይ የሚፈጥረው ቤዝ። እዚህም አሲድ የለም።

የቢቸናው ሰዓት ሁለት መስመር ተበልቶ ነበር። በሽቦ አገናኘሁ፣ ኤሲውን ነካሁ፣ ተነሳ። ልጁም እዚያው በእኛ የሰዓት አቆጣጠር ሞልቶት ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለ።

«ጋሼ፣ ቀኑ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይቀየራል። አሲዱ ይሆን?»

«አይደለም። ጠዋቱን ፒኤም ላይ ሞልተኸው ነው።»