ሁለተኛው ቴፕ፦ አነስተኛ የቤት ሙዚቃ መሣሪያና በጥቂት ብር የሚሻሻልበት መንገድ

በዚህ ዳሰሳ "ሁለተኛ ቴፕ" ያልነው ሳሎን ካለው ዋና መሣሪያ ሌላ በመኝታ ቤት፣ በጥናት ክፍል ወይም በልብስ ሰፊ ሱቅ ጥግ የሚቀመጠውን ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ነው። ቴፕ የሚለው ስም ከካሴት ዘመን የተረፈ ነው። ካሴት የማይገባበትን፣ ብሉቱዝና ፍላሽ ብቻ ያለውን መሣሪያ ሳይቀር ሰው ዛሬም "ቴፑን ክፈተው" ይላል። ማርኩ ምንም ይሁን ሥራው በሦስት ይከፈላል፦ ሙዚቃውን የሚያነብ ማጫወቻ፣ የሚያጎላ አምፕሊፋየር፣ ወደ አየር የሚያወጣ ስፒከር። ማሻሻል ማለት ከሦስቱ አንዱን መለወጥ ወይም ያለውን አስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው ምንም ብር አይጠይቅም፤ ሰው የማይሞክረውም ለዚሁ ይመስለኛል።

ጽሑፉ የተጠናቀረው ከጥገና መመሪያዎች፣ ከአምራቾች የቴክኒክ ወረቀቶች፣ ከቢቢሲ የምርምር ክፍል አንድ ዘገባና በጥገና ጠረጴዛ ላይ ካለፉ ዓመታት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪክ

የተቀረጸ ድምፅ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀርጻ ላከች። አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ ጀርመን አገር ሆነው በሸክላ ዘፈኑ። ከዚያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ግራሞፎን የባለጸጋ ቤት ዕቃ ሆኖ ቆየ።

በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ነገሩ ተለወጠ። ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር የተሰጠ ስለነበር የወጣቱ ድርጊት ድፍረት ነበር። የመጀመሪያው ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞር) ሸክላ የአለማየሁ እሸቴ ነው። ሸክላዎቹ መጀመሪያ ሕንድ፣ ቀጥሎም ሊባኖስ ይታተሙ ነበር። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አወጣ። አሊ አብደላ ኬይፋም በራሱ ማተሚያ ስም ተከተለው። ዛሬ ዓለም በሲዲ ደግሞ ያሳተመውና የሚያደንቀው ሙዚቃ ያኔ የተቀዳው በጥቂት ማይክሮፎን፣ የሙዚቃ ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ እያለ ነው። እነዚያ ሸክላዎች ዛሬም በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ ሲሻሻል የሸክላ ማጫወቻ ጉዳይ ሳይነሳ የማይቀረውም በእነሱ ምክንያት ነው።

ካሴትን ፊሊፕስ በ1963 በርሊን ላይ ለሕዝብ አሳየ። እኛ ዘንድ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላን ጨርሶ አስወጣው። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደቡ ሰውን በጊዜ ቤት ሲያስገባው ማታ ማታ ያጫወተው ካሴት ነበር። አቧራ ይችላል፣ ሲበጠስ በጥፍር ቀለም ይቀጠላል፣ ሲላላ በእስክሪብቶ ይጠነጠናል። ድምፁን የሚንቁ አሉ፤ በዚህ ጸሐፊ ዘንድ ግን የሚናቅ አይደለም።

በውጭው ዓለም ደግሞ ለትንሽ መሣሪያ መሠረት የጣሉት ሁለት ሥራዎች ናቸው። አንደኛው የቢቢሲ ስፒከር ኤልኤስ 3/5ኤ ነው። ቢቢሲ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚቀርጽባቸው መኪኖች የሚሆን መቆጣጠሪያ ስፒከር ያስፈልገው ነበር፤ በመኪናው ውስጥ ግን ትልቅ ሣጥን የሚቆምበት ቦታ የለም። የምርምር ክፍሉ በዚያው ሰሞን የስቱዲዮን ቅርጽ በትንሽ ሞዴል ለመፈተን የሠራትን አንዲት አነስተኛ ስፒከር አነሳና አሻሻላት። ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም የማትበልጥ የፕላይውድ ሣጥን፣ ውስጧ የእንግሊዙ ኬኢኤፍ ኩባንያ ሥራ የሆኑ ሁለት ስፒከሮች፦ ቲ27 ለቀጭኑ ድምፅ፣ ቢ110 ለወፍራሙ። ሦስት መሐንዲሶች በ1976 ያወጡት ዘገባ የሣጥኑ ግድግዳ እንዴት እንደሚታፈን፣ በቀጭኑ ስፒከር ዙሪያ ለምን ወፍራም ጨርቅ እንደተለጠፈ ሳይቀር ይዘረዝራል። ፈቃድ የወሰዱ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት አመረቷት። ድክመቷ በአንድ ዋት ከ82 እስከ 83 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብቻ ማውጣቷ ነው፤ ለግብዣ አትሆንም። የሰው ድምፅን በተመለከተ ግን በዚያ መጠን የሚያህላት ጥቂት ነው። ትምህርቱም ይኸው ነው፦ ትንሽ ሣጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ ከፍተኛ ድምፅ ሦስቱ አብረው አይገኙም፤ አንዱን መተው ግድ ነው። "ትንሽ ናት ግን ቤቱን ታናውጣለች" ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ከሦስቱ አንዱን ደብቋል።

ሁለተኛው በ1978 የወጣው ናድ 3020 አምፕሊፋየር ነው። ንድፉ የኖርዌጂያዊው ብዮርን ኤሪክ ኤድቫርድሰን ነው። ወረቀቱ ላይ በየጎኑ 20 ዋት ይላል፤ አስቸጋሪ ስፒከር ሲገጥመው ግን ከዚያ በላይ ይገፋል። ፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር የለም፤ ገንዘቡ የዋለው ትራንስፎርመሩና ትራንዚስተሮቹ ላይ ነው። አንድ ጊዜ "ሞቷል" ተብሎ በብረት ዋጋ የተሸጠ 3020 እጄ ገባ። ከጀርባው "ፕሪ" እና "ሜይን" የሚባሉትን ቀዳዳዎች የሚያገናኙት ሁለት የዩ ቅርጽ ሽቦዎች ወልቀው ጠፍተዋል። እነሱ ከሌሉ ግማሹ አምፕ ከግማሹ አይገናኝም፤ ድምፅም አይወጣም። በተራ ቀይና ነጭ ገመድ አገናኘሁት፤ እዚያው ዘፈነ። ሸጦልኝ የሄደው ሰው መስማቱን እንጃ።

በዚያው ሰሞን ጃፓኖቹ፣ ቴክኒክስና አይዋን ጨምሮ፣ የትልቁን መሣሪያ ክፍሎች አሳንሰው መደርደር ጀመሩ። በ1990ዎቹ በየሳሎኑ የቆመው ባለ ሦስት ሲዲ፣ ባለ ሁለት ካሴት፣ መብራቱ የሚጨፍረው መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው። ፒኤምፒኦ የሚባል ሺህ ዋት የሚቆጥር ቁጥር ሣጥኑ ላይ ይለጠፍ ነበር። ያ ቁጥር ምንም አይለካም።

በ1998 ትራይፓዝ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ቲኤ2020 የተባለች ቺፕ አወጣ። ከቴምብር ብዙ የማትበልጥ፣ እምብዛም የማትሞቅ፣ ስትለካ የምታኮራ አምፕ ነበረች። ኩባንያው በ2007 ከሰረ፤ መንገዱ ግን ተከፍቶ ነበር። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲፒኤ3116 ዛሬ ከቻይና በሚመጡ የእጅ መዳፍ የሚያካክሉ አምፖች ውስጥ ሞልቷል።

ማሻሻል ከየት ይጀመራል

ከቡፌው። በብዙ ቤት ሁለቱ ስፒከሮች ቡፌ ላይ፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ዳንቴል ለብሰው፣ ላያቸው ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክመው ይኖራሉ። ጥግ የገባ ስፒከር ቤዙ ያብጣል፤ ዘፋኙ ከበርሜል ውስጥ የሚናገር ይመስላል። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ማራቅ፣ ቀጭኑን ስፒከር ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ማስተካከል፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ከአድማጩ ርቀት ጋር ማቀራረብ። መቆሚያ ከሌለ ሁለት ዱካ ይበቃል። የክፍሉ ርዝመት 3.5 ሜትር ከሆነ 49 ኸርዝ (በሰከንድ 49 ንዝረት) አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ይገነባል፤ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ኖታዎች እዚያው ናቸው። ወንበሩን ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ወደፊት መሳብ አንዳንዴ ከአዲስ አምፕ ይበልጣል። የኮንዶሚኒየም ክፍል ሲሚንቶና ሴራሚክ ስለሆነ ያስተጋባል፤ ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ያረጋጉታል።

ቀጥሎ ስፒከር። ብር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ከመሣሪያው ጋር የመጡት ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ የድካሙ ሁሉ ምንጭ ናቸው። ያገለገለ ጥሩ ስፒከር ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው የኮኑ፣ ማለትም የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት፣ ጠርዝ ነው። በስፖንጅ የተሠራ ከሆነ 15 ወይም 20 ዓመት ሲሞላው በጣት ሲነኩት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ይህ የሞት ምልክት አይደለም፤ ጠርዙ ተቀይሮ፣ ኮኑ መሐል ላይ ተስተካክሎ እንደገና ይለጠፋል። የተቃጠለ ኮይልም (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው ሽቦ) ተጠምጥሞ ይመለሳል፤ መርካቶ ይህን የሚሠሩ እጆች አሉት፣ ፈረንጅ የሚጥለውን ያድናሉ። ኮኑን በሁለት አውራ ጣት ቀስ አድርጎ መጫን ነው፤ እየፋቀ ከገባ ኮይሉ ተጣሟል። ከዚያ የሚታየው ቁጥር የዴሲቤሉ ነው። በአንድ ዋት 87 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር 84 ከሚያወጣው ጋር እኩል ለመጮህ የሚፈልገው ግማሹን ዋት ነው።

ሦስተኛ አምፕ። ላፕቶፑ የሞተበት ሰው ቻርጀሩን አይጣል። ባለ 19 ቮልት፣ 4.74 አምፔር ቻርጀር 90 ዋት ነው፤ ለቲፒኤ3116 በልኩ የተሠራ ያህል ነው። በ8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ስፒከር በየጎኑ 20 ዋት አካባቢ ይገኛል፤ ለመኝታ ቤት ከበቂ በላይ። መብራት ሲጠፋ ያው አምፕ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ ይሠራል። ኃይሉ ወደ 9 ዋት ይወርዳል፤ ጎረቤት ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ማጫወቻው መጨረሻ ይምጣ። ስልክና ብሉቱዝ ያለው ብዙ አይጎድለውም። ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የለበሰ ዲቪዲ ማጫወቻ ሲዲን በሚገባ ያነባል፤ ሲዲ በ1982 ሲወጣ የተወሰነለት የቅጂ ጥራት፣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ ዛሬም ያው ነው። ሸክላ ያለው ግን አንድ ነገር ይጨምር። ከመርፌው የሚወጣው ቮልቴጅ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ቮልት ብቻ ነው፤ የሲዲ 2 ቮልት ነው። ስለዚህ ሸክላ የራሱ ማጉያ ያሻዋል። የ3020 ዘመን አምፖች "ፎኖ" የሚል ቀዳዳ ነበራቸው፤ የዛሬዎቹ ትንንሾች አብዛኞቹ የላቸውም። ያለ እሱ ከሰኩት ድምፁ ይደክማል፣ ቤዙም ይጠፋል።

የሚያከራክሩ ነጥቦች

የገመድ ነገር። 5 ሜትር ርዝመት ያለው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ 0.12 ኦም ያህል ይይዛል። ከ8 ኦም አጠገብ ይህ ምንም ነው። የቤት መስመር የሚዘረጋበት ሽቦ ይበቃል፤ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። አዲስ ስፒከር ሲሠራ እየለሰለሰ ይሄዳል የሚሉ አሉ፤ በመጠኑ እውነትነት ሊኖረው ይችላል፣ የሚለምደው ጆሮ ነው የሚሉም አሉ። ሸክላ ከሲዲ ይሻላል ወይስ አይሻልም ለሚለው በመለኪያ ሲዲ ይበልጣል። ነገር ግን አንዳንዱ የ1970ዎቹ ዘፈን ወደ ሲዲ የተገለበጠው ካለቀ ሸክላ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ቤት ያለው ንጹሕ ሸክላ ከቅጂው ቢሻል አይገርምም።

መብራት

ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ናቸው። ከዋሽንግተን ወይም ከአትላንታ በሻንጣ የሚመጣ ዕቃ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የእህቴ ባል በስጦታ ያመጣልኝን አምፕ ጀርባውን ሳላነብ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ፊውዙ "ጠብ" አለ፣ ቀጥሎ የትራንስፎርመር ሽታ ሳሎኑን ሞላው። እናቴ መስኮት እየከፈተች "ይህም ሙዚቃ ነው?" አለች። ከጀርባው "120" ብቻ የሚል ዕቃ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ትራንስፎርመሩም ዕቃው ከሚበላው ዋት ቢያንስ ግማሽ ያህል ጨምሮ የሚችል ይሁን። ቮልቴጁ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር ከማንኛውም ማሻሻያ ይቀድማል።

ትራንስፎርመር ግን ኸርዙን አይቀይርም። በቀጥታ ከመብራት ፍጥነቱን የሚወስድ ሞተር ያለው አሜሪካ ሠራሽ የሸክላ ማጫወቻ አዲስ አበባ ላይ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል። 33⅓ው ወደ 27.8፣ 45ቱ ወደ 37.5 ይወርዳል። የአለማየሁ ድምፅ ከሦስት ግማሽ ድምፅ (ሰሚቶን) በላይ ወርዶ ሌላ ሰው የሚዘፍን ይመስላል፤ ባለቤቱም ሸክላው ተበላሽቷል ብሎ ያስቀምጠዋል። እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ያሉት ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ስለማይወስዱ ይህ አይነካቸውም። ለሌሎቹ መድኃኒቱ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው፣ ቀበቶው የሚጠመጠምባት ትንሽ የነሐስ እንዝርት ናት። ቶርኖ ያለው ሰው ዲያሜትሯን 1.2 እጥፍ አድርጎ አዲስ ቢያወጣት ማጫወቻው ወደ ልኩ ይመለሳል። ልኩን የሚወስድ ሰው ግን ቀበቶውን ፈትቶ፣ በካሊፐር፣ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ በ10 ሚሊ ሜትር እንዝርት ላይ 0.2 ሚሊ ሜትር ስሕተት 2 በመቶ ፍጥነት ነው፣ ያ ደግሞ ይሰማል።