ኢራስመስ፦ ስለ ገንዘቡና ስለ ፍትሃዊነቱ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

"ልጄ ኢራስመስ ደረሳት፤ እንግዲህ ሁሉ ነገር በነፃ ነው" የሚል ወላጅ አውሮፓ ባለው ሐበሻ መሀል አይጠፋም። ሌላው ደግሞ "ተወው፣ የፈረንጅ ልጆች ሽርሽር ነው" ብሎ ገና ሳይጠይቅ ይተወዋል። ሁለቱም ወሬ የሰሙት ከሰው ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ኢራስመስ የአውሮፓ ኅብረት የተማሪዎች ልውውጥ ፕሮግራም ነው። በ1987 በ11 አገሮችና በ3,244 ተማሪዎች ተጀመረ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ኢራስመስ ፕላስ ይባላል። ከ2021 እስከ 2027 የተያዘለት በጀት 26 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው። አንድ ተማሪ ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ሌላ አገር አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት ይማራል፤ ክሬዲቱ ይያዝለታል፤ ተመልሶ እዚያው ይመረቃል። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ወሬ መብዛቱ አይገርምም።

"ኢራስመስ ያገኘ ሰው ወጪው ሁሉ ተሸፍኖለታል"

አልተሸፈነም። እንዲሸፍንም ታስቦ አያውቅም። ድጎማው ተማሪው አገሩ ቢቆይ ከሚያወጣው በላይ የሚመጣበትን ተጨማሪ ወጪ ለማገዝ ነው። ደመወዝ አይደለም፤ ሙሉ ኪራይና ሙሉ አስቤዛ እንዲችል አይጠበቅበትም። ደብሊን ወይም አምስተርዳም ውስጥ አንዲት ክፍል ብቻዋን ድጎማውን ጠቅልላ ልትበላው ትችላለች። ቀሪው ከወላጅ፣ ከቁጠባ ወይም ከብድር ይመጣል። ወላጁ መላክ ለማይችል ልጅ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

በእርግጥ ነፃ የሆነው የትምህርት ክፍያው ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት፣ የምዝገባ፣ የፈተና፣ የላብራቶሪም ሆነ የቤተ መጻሕፍት ክፍያ መጠየቅ አይፈቀድለትም። እንደ ኢንሹራንስና የተማሪዎች ማኅበር መዋጮ ያለውን ትንንሽ ነገር ግን የአገሬው ልጅ በሚከፍለው ልክ ሊጠይቅ ይችላል። የላከው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራሱን ክፍያ ማስከፈሉን መቀጠል ይችላል። "ሁለት ቦታ ትከፍላለህ" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል። ሁለት ቦታ አይከፈልም።

"ሁሉም ተማሪ እኩል ብር ነው የሚያገኘው"

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ይህን ሲሰማ ነው። ድጎማው በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በሚሄዱበትና በሚነሱበት አገር።

የሚሄዱበት የገባ ነው። አገሮች በኑሮ ውድነታቸው በሦስት ምድብ ተከፍለዋል። ወደ ስዊድን ወይም ወደ አየርላንድ የሚሄድ ወደ ቡልጋሪያ ከሚሄደው የበለጠ ያገኛል። በዚህ የሚከራከር የለም።

የሚነሱበት አገር ነው ጉዱ። ብራስልስ የምታወጣው ዝቅተኛና ከፍተኛ ጣሪያ ነው፤ በዚያ መሀል ትክክለኛውን ተመን የሚቆርጠው ፕሮግራሙን የሚያስተዳድረው የየአገሩ ብሔራዊ ኤጀንሲ ነው። በ2022/23 የትምህርት ዘመን ከጀርመን ወደ ውድ አገር የሄደ ተማሪ በወር እስከ 600 ዩሮ ያገኝ ነበር። ከጣሊያን ለተነሳው የተቆረጠው መደበኛ ተመን 350 ዩሮ ነበር። ሁለቱ ስቶክሆልም ላይ አንድ ኮሪደር ተጋርተው፣ አንድ ዓይነት ኪራይ እየከፈሉ ሊኖሩ ይችላሉ። የሁለቱም ገንዘብ ከአንድ የአውሮፓ ካዝና የወጣ ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ለኤጀንሲው የሚሰጠው በጀት የተወሰነ ነው። ለጥቂት ተማሪ ብዙ፣ ወይም ለብዙ ተማሪ ጥቂት መስጠት አለበት። ፍላጎት የበዛባቸው አገሮች ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ለቁጥሩ ያምራል። ለድሃው ልጅ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ መጥፎ ምርጫ ነው። 350 ዩሮ ይዞ ስቶክሆልም መኖር የሚችለው ሌላ ገንዘብ ያለው ብቻ ነውና።

ደግነቱ መደበኛው ተመን የመጨረሻው ቃል አይደለም። የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች "ኢዜኤ" የሚባለውን የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ አይተው ይጨምራሉ፤ ሮም ወይም ሚላን ያላችሁ ቤተሰቦች ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። ስዊድን ውስጥ የመንግሥቱን የተማሪ ድጎማና ብድር ይዞ ውጭ መማር ይቻላል። ጀርመን ውስጥ "ባፎግ" የሚባለው የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ለውጭ ትምህርት የተለየ ስሌት አለው። አገር ውስጥ ሲያመለክት የወላጅህ ገቢ በዛ ተብሎ የተከለከለ ልጅ ለውጭ ሲያመለክት ሊፈቀድለት ይችላል። ከኢራስመስ ድጎማም በወር እስከ 300 ዩሮ ድረስ ከባፎግ ላይ አይቀነስበትም። ይህን ሳያውቅ የሚቀር ስንት አለ!

"ብሩ ከመሄድህ በፊት አካውንትህ ውስጥ ይገባል"

አንዳንዴ ይገባል። ብዙ ጊዜ በሁለት ዙር ነው የሚከፈለው፤ ትልቁ መጀመሪያ፣ ቀሪው ተማሪው ጨርሶ የመጨረሻውን ሪፖርት ኦንላይን ሲሞላ። ሪፖርቱን ረስቶ ቀሪውን ለወራት የሚጠብቅ አለ።

ዋናው ችግር የመጀመሪያው ወር ነው። የአውሮፕላን ትኬት አለ። የቤት ዲፖዚት አለ፤ እሱም ብዙ ቦታ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ነው። የመጀመሪያው ወር ኪራይ በላዩ ላይ አለ። አከራዩ "ኢራስመስ ሲገባልኝ እከፍላለሁ" የሚል ቃል አይሰማም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ክፍያውን የሚለቀው ተማሪው መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት አስፈርሞ ሲልክ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደርሶ፣ ከኪስ ከፍሎ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ባለ ቁጠባ ቤተሰብ ይህን ልብ እንኳን አይለውም፤ ሌላው ቤት ዕቁብ እስኪደርስ ይጠበቃል።

"ዜሮ ድጎማ" የሚባልም አለ። ተማሪው ተመርጧል፣ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፣ ክሬዲቱ ይያዝለታል፤ ብር ግን የለም። ደብዳቤው ላይ "ተመርጠዋል" ስለሚል ሰው ሳያነበው ይደሰታል። ከመደሰት በፊት የድጎማ ውሉን ማንበብ ነው።

"የሀብታም ልጆች ነው"፣ ወይም በተቃራኒው "ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ፍትሃዊ ነው"

እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ይታዩ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ እውነት ይዘዋል።

ወላጆቻቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች ከሌሎቹ በበለጠ ይሄዳሉ። በአውሮፓ ተማሪዎች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች ይህን ደጋግመው ያሳያሉ። አንዱ ምክንያት ገንዘብ መሆኑ ግልጽ ነው። ሌላው በሳምንት ሃያ ሰዓት ካፌ ውስጥ ወይም መጋዘን የሚሠራ ተማሪ ለስድስት ወር ሲሄድ ሥራውን ማጣቱ ነው። ድጎማው ደግሞ ያን ገቢ አይተካም። ሦስተኛው ቤት ውስጥ "እኔም ሄጄ ነበር፣ ምንም አይደለም" የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

ታዲያ በሩ ዝግ ነው ማለት አይደለም። ከ2021 ጀምሮ አነስተኛ ዕድል አላቸው ለሚባሉ ተማሪዎች በመደበኛው ድጎማ ላይ በወር 250 ዩሮ ይጨመራል። እዚህ ውስጥ ማን እንደሚገባ ዝርዝሩን የሚያወጣው እያንዳንዱ አገር ነው። ስፔን ቀደም ሲል የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ ያገኘውን ታያለች። ጀርመን አካል ጉዳት ወይም የቆየ ሕመም ያለበትን፣ ልጅ ይዞ የሚሄደውን፣ ሠርቶ የሚማረውን፣ እንዲሁም ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነውን ትቆጥራለች።

የመጨረሻውን ደግማችሁ አንብቡት። ፍራንክፈርት ወይም ኮሎኝ የተወለደ፣ እናቱ የጽዳት ሥራ፣ አባቱ ታክሲ የሚሠሩ የሐበሻ ልጅ በትክክል የሚገባው ይህ ነው። ግን ብዙዎቹ ፎርሙ ላይ ያቺን ሳጥን ሳይነኩ ያልፋሉ። "እሱ ለአካል ጉዳተኛ ነው" ይላሉ፤ ወይም እርዳታ መጠየቅ ያሳፍራቸዋል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ በጀቱ የተያዘው ለዚያው ነው።

ረጅም ጊዜ መራቅ ለማይችል ደግሞ ከ5 እስከ 30 ቀን የሚቆይ አጭር ጉዞ ተፈቅዷል፤ ቀሪው ትምህርት ኦንላይን ነው። ልጅ ላላትና ሥራ ለያዘች ተማሪ ጥሩ መላ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ከላይ ያልኩትን የመጀመሪያውን ወር አይፈታም። 250 ዩሮው ከዋናው ድጎማ ጋር ነው የሚመጣው፤ ዋናው ከዘገየ እሱም ይዘገያል።

"የአውሮፓ ፓስፖርት ከሌለህ አይሆንም"

ይሆናል። መስፈርቱ ፓስፖርት አይደለም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ መመዝገብ ነው። ቦሎኛ ወይም ቱሪን የሚማር ባለ ኢትዮጵያ ፓስፖርት ተማሪ ከጣሊያናዊው እኩል ይወዳደራል።

የሚለያዩት ድንበር ላይ ነው። በ2016 የወጣ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ አለ፤ ቁጥሩ 2016/801 ነው። በዚህ መሠረት የተማሪ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በልውውጥ ፕሮግራም ወደ ሌላ አባል አገር እስከ 360 ቀን ሄዶ መማር ይችላል። ከብዙ አገሮች የሚጠበቀው ማሳወቅ ብቻ ነው። ዴንማርክና አየርላንድ ግን በመመሪያው የሉበትም፤ ወደነሱ ለመሄድ ቪዛው እንደ አዲስ ይጠየቃል።

የስደተኛ ከለላ ያለው ሰው ነገር ሌላ ነው። መመሪያው እሱን አይመለከተውም። በስደተኛ የጉዞ ሰነዱ ሼንገን ውስጥ እስከ 90 ቀን መንቀሳቀስ ቢችልም ለሙሉ ሴሚስተር የሚሄድበትን አገር ረጅም ቪዛ መጠየቅ አለበት። ነገሩ ግራ ነው፤ ለትምህርት የመጣው ሲቀልለው፣ ለሕይወቱ ሸሽቶ የመጣው ይከብደዋል። ስለዚህ አገር ከመምረጥ በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ፣ ቀጠሮም ቶሎ መያዝ ያስፈልጋል።

"አገሮች የከፈሉትን ያህል ይመለስላቸዋል"

አይመለስም፤ ጠቡም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ብሪታንያ ከምትልከው ይልቅ የምትቀበለው ተማሪ ይበልጥ ነበር። ከኅብረቱ ስትወጣ "ሂሳቡ አያዋጣም" ብላ ፕሮግራሙንም ተወችው፤ በ2021 ቱሪንግ የሚባል የራሷን ጀመረች። ቱሪንግ ገንዘብ የሚሰጠው ለሚወጣው ብቻ ነው፤ ለሚመጣው የለውም። ዌልስ በዚህ አልተደሰተችም፤ ታይዝ የሚባል፣ የሚመጣውንም የሚደግፍ የራሷን አቋቋመች። ለሰሜን አየርላንድ ተማሪዎች ደግሞ የደብሊን መንግሥት በራሱ ወጪ መንገዱን ክፍት አደረገ። በ2025 መጨረሻ ለንደን ከ2027 ጀምሮ ወደ ኢራስመስ እንደምትመለስ አስታወቀች።

ስዊዘርላንድ በ2014 ስደትን ለመገደብ ሕዝበ ውሳኔ ካደረገች በኋላ ከፕሮግራሙ ውጭ ሆነች፤ የራሷን ገንዘብ አውጥታ ሂያጁንም መጪውንም ትደጉማለች። ሀንጋሪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 2022 ኅብረቱ በመንግሥት በተቋቋሙ ባለአደራ ድርጅቶች የሚተዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ የኢራስመስ ውል እንዳያገኙ አገደ። ምክንያቱ የገንዘብ አያያዝና የጥቅም ግጭት ስጋት ነበር። ስጋቱ ተገቢ ሊሆን ይችላል። በአስተዳደሩ ውስጥ እጁ የሌለበት የሀያ ዓመት ልጅ ግን ለምን ይቀጣል?

"ኢትዮጵያ ሆኖ አይሞከርም፤ ኤጀንት ካልያዙ"

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የአጭር ጊዜ ልውውጥ ነው። ይህ በግል የሚጠየቅ አይደለም፤ የኢትዮጵያው ዩኒቨርሲቲ ከአውሮፓው ጋር ውል ሊኖረው ይገባል። የበጀት ማመልከቻውን የሚያስገባው የአውሮፓው ወገን ስለሆነ ማን አጋር እንደሚሆን በብዛት የሚወስነው እሱ ነው። ያንን ሚዛናዊ ልለው አልችልም። ለተማሪው የሚቀረው የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ሁለተኛው ኢራስመስ ሙንዱስ ነው፤ ቢያንስ ሁለት አገር እየተዘዋወሩ የሚማሩት ማስተርስ። ከየትኛውም አገር በግል ማመልከት ይቻላል። ስኮላርሺፑ በወር 1,400 ዩሮ፣ እስከ 24 ወር ነው፤ የትምህርት ክፍያም የለበትም። ከአንድ ፕሮግራም ስኮላርሺፕ ለአንድ አገር ዜጎች ከ10 በመቶ በላይ አይሰጥም፤ ትልልቅ አገሮች ጠቅልለው እንዳይወስዱት ነው። ግን ትኬቱም፣ ቪዛውም፣ ቤት መያዣውም ከዚያችው 1,400 ላይ ነው የሚወጣው። ከፓሪስ የሚነሳውና ከባሕር ዳር የሚነሳው እኩል ይቀበላሉ፤ የትኬታቸው ዋጋ ግን አይገናኝም።

ኤጀንቱን በተመለከተ፦ አያስፈልግም። የፕሮግራሞቹ ዝርዝር በአውሮፓ ኅብረት ይፋዊ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል፤ ማመልከቻው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ይላካል። አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይቀበላሉ። "ኮታ አለኝ፣ ቀብድ አስገባ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ኮታ የሚሸጥ የለም።