ልጁ አልረዝም ያለው በዘሩ ነው?

ክሮንስና አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የልጅን አንጀት ለዓመታት የሚያስቆጡ ሕመሞች ናቸው። በተለይ ክሮንስ ቁመትንም ይይዛል። ቤተሰብ ታዲያ ምክንያቱን ዘር ላይ ይጥላል።

«እኛም አጭር ነን፣ በእኛ ወጥቶ ነው።» ከሁሉም የሚያሰጋኝ ይሄ ነው፤ ግማሹ እውነት ነዋ። ቁመት ይወረሳል። ግን ግምቱ ይሰላል። የአባትንና የእናትን ቁመት ደምሩ። ለወንድ ልጅ 13 ሴንቲሜትር ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ። ከዚያ ለ2 አካፍሉ። አባት 170፣ እናት 156 ከሆኑ የወንድ ልጃቸው ግምት 169.5 ነው፤ ከዚህ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ጤነኛ ልጅ ከእኩዮቹ ቢያጥርም በእድገት ሠንጠረዥ ላይ በራሱ መስመር ያድጋል። የነበረበትን መስመር ለቆ ቁልቁል ከወረደ ግን «ዘሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። አንዳንዴ ቁመት የሚቆመው ሆድ ማመም ሳይጀምር ነው። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ ይለካ።

«ክሮንስን ያመጣው ዘረ መል ነው ያቀጨጨው።» ከክሮንስ ጋር የተያያዘው የመጀመሪያው ዘረ መል፣ ኖድ2፣ የታወቀው በ2001 ነው። ዛሬ ከሁለቱ ሕመሞች ጋር የተያያዙት የዘረ መል ቦታዎች ከ200 ይበልጣሉ። ኖድ2 ቁመትንም ይነካ እንደሆነ ተጠንቷል፤ ውጤቶቹ ግን አልተስማሙም። የኢንተርሉኪን 6 ነገር የበለጠ ያሳምናል። ይህ ፕሮቲን ብግነትን፣ ማለትም የአንጀቱን መቆጣት፣ ያባብሳል። የእድገት ሆርሞን ጉበትን «አይጂኤፍ 1 የተባለውን አጥንት አሳዳጊ ፕሮቲን አምርት» ሲለው ጉበቱ ትእዛዙን እንዳይሰማ ያደርጋል። አይጂኤፍ 1 ካነሰ አጥንት አይረዝምም። አንዳንድ ልጆች ኢንተርሉኪን 6ን አብዝቶ የሚያስመርት የዘረ መል ዓይነት ይወርሳሉ። እንግዲህ ዘሩም ቢሆን የሚጎዳው በብግነቱ በኩል ነው።

«ስላልበላ ነው።» የምግብ እጥረት ድርሻው ትልቅ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ብግነቱ ካልበረደ ምግብ መጨመር ብቻ አይበቃም። እባካችሁ ልጁን በዚህ አትውቀሱት።

«ዘር ካለበት ሕክምና ምን ይፈይዳል?» ብዙ ይፈይዳል። ለክሮንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ መቆየት ብግነቱን ያበርዳል፣ ሰውነትንም ይገነባል። ቲኤንኤፍ የተባለውን ሌላ የብግነት ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶች ብዙ ልጆችን ወደ እድገታቸው መልሰዋል። ብግነት አብራጁ መድኃኒት ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ራሱ እድገትን ይገታል፤ ሐኪም ሳያማክሩ ግን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። ወሳኙ ጊዜ ነው። የአጥንት ማደጊያ ጫፎች ከተዘጉ የጠፋው ቁመት አይመለስም። ምን ያህል ጊዜ እንደቀረ ለማወቅ የእጅ አንጓ ራጅ ይረዳል፤ ሐኪሙን ጠይቁት።